ዓመታት የተዘጋ መሬት ለመመንጠር የትኛውን ማሽን ልከራይ?

አዲስ ማሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ከወላጆቼ የተላለፈልኝ ግማሽ ሄክታር የሚሆን መሬት አለ። ለረጅም ዓመታት የነካው ሰው ስለሌለ ዛሬ መንገድ ላይ ቆሞ ውስጡን ማየት አይቻልም። የፊቱ ክፍል ሜዳ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሣርና ሐረግ ውጦታል። መሐሉ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው፤ ግንዱ ከአውራ ጣት እስከ ክንድ ይወፍራል። ወደ ኋላ ተዳፋት ይሆንና ወደ አንድ ትንሽ ጅረት ይወርዳል፤ እዚያ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ድሮ የሽቦ አጥር እንደነበረው አውቃለሁ፤ ሽቦው ግን የት እንደገባ አይታይም።

ሐሳቤ ከፊት በኩል ትንሽ ቤት መሥራት፣ መሐሉን ደግሞ ለአትክልትና ለፍራፍሬ ማዋል ነው። የጠየቅኋቸው አከራዮች ሁሉ የሚመክሩኝ ያላቸውን ማሽን ነው። ዶዘር ያለው ዶዘር ይላል፤ ኤክስካቫተር ያለው ኤክስካቫተር፤ ትራክተር ያለውም እንዲሁ። ከመምረጤ በፊት ምን ምን ማየት አለብኝ? የግቢው መግቢያ ከ3 ሜትር ብዙም አይሰፋም።

ብረት ፈረስ

እህቴ፣ አትጨነቂ። ግማሽ ሄክታር ለዶዘር ቢበዛ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እሾህም ቢሆን ጉቶም ቢሆን ገፍቶ ዳር ያወጣዋል፤ ማታ ላይ ንጹሕ ሜዳ ይጠብቅሻል። ትንንሽ ማሽን እየቀያየርሽ ከምትመላለሺ አንዴ አስገብተሽ ጨርሺው። ዕድሜዬን የገፋሁት ዶዘር ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ መሬት ብዙ አቅንቻለሁ።

አፈር ወዳድ

ብረት ፈረስ፣ ልምድዎን አከብራለሁ። «ንጹሕ ሜዳ» በሚለው ላይ ግን አልስማማም፤ ጠያቂዋ አትክልት ልትተክልበት ነውና።

መሬቱ ለዓመታት ሳይታረስ በመቆየቱ ያተረፈው ነገር ቢኖር ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው። የበሰበሰው ቅጠል፣ የምድር ትሉ፣ ተክል የሚመገበው አብዛኛው ነገር የሚገኘው በላይኛው 10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። የዶዘር ምላጭ ቁጥቋጦውን ሲገፋ ሥሩ የጨበጠውን አፈር አብሮ ይገፋል። ዳር ላይ የሚከመረው ክምር ከሩቅ እንጨት ይመስላል፤ ቀርቦ አካፋ ለሚያስገባበት ሰው ግን ብዙው አፈር ነው። መሐሉ ላይ የሚቀረው የታችኛው ደረቅ አፈር ዝናብ ሲመታው ይጋገራል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። የተገፋውን ለም አፈር ተፈጥሮ መልሳ እንድትሠራው መጠበቅ ደግሞ የትውልዶች ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከማሽኑ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሥሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ? መልሱም ለመሬቱ ሁሉ አንድ አይደለም።

ቤት በሚሠራበት ቦታ ሥሩም ለሙ አፈርም መነሣት አለባቸው። የበሰበሰ ነገር የበዛበት አፈር እየሟሸሸ ስለሚሰምጥ መሠረት አይጣልበትም። አትክልት በሚተከልበት ቦታ የቁጥቋጦው ሥር ይወጣል፤ አፈሩ ግን እዚያው ይቀራል። በተዳፋቱ ላይ ሥሩ ጭራሽ መነካት የለበትም፤ ያን መሬት እዚያ ያቆመው እርሱ ነው። ይህን ለይተው በወረቀት ላይ ቢሥሉት ማሽኑን መምረጥ ይቀልልዎታል። አከራዮቹ ያላቸውን መምከራቸውም አይገርምም፤ መሬቱ ለምን እንደሚውል የጠየቀ ከመካከላቸው ነበር?

አዲስ ማሳ

አንድም የጠየቀኝ የለም። ሁሉም «ስንት ካሬ ነው?» ብለው ነው የጀመሩት።

ብረት ፈረስ

አፈር ወዳድ ያለው ነገር እውነትነት አለው፤ ጥፋቱ ግን የሰነፍ ኦፕሬተር ነው። ዶዘር በደፈናው አፈር ገፊ ተደርጎ ሲወራ ያመኛል። ለምንጣሮ የሚሠራ ጥርስ ያለው መጥረጊያ አለ፤ በምላጩ ፈንታ ይገጠማል። እንጨቱንና ሥሩን ይሰበስባል፣ አፈሩ በጥርሶቹ መሐል ይወርዳል። አፈሩ ደረቅ ከሆነና ኦፕሬተሩ ካልተጣደፈ ከሥሩ ላይ እየረገፈ እዚያው ይቀራል። ሰፊ መሬት ሲሆን፣ ብዙ ሄክታር ሲሆን፣ ከዶዘር ጋር የሚወዳደር የለም።

ለዚህ ቦታ ግን የመግቢያውን ስፋት ሳስተውል ሐሳቤን አስተካክላለሁ። 20 ቶን ገደማ የሚመዝነው መካከለኛ ዶዘር ምላጩ ብቻ ከ3 ሜትር በላይ ይሰፋል። አጥር ካልፈረሰ አይገባም። ቢገባም ግማሽ ሄክታር ላይ መዞሪያ ሲፈልግ ነው አፈሩን የሚያርሰው፤ ሰንሰለቱ በታጠፈ ቁጥር መሬቱን ይገለብጣል።

ክንደ ረጅም

እኔ ኤክስካቫተር ነው የማሽከረክረው። ለእንዲህ ያለው መሐለኛ ክፍል ከ5 እስከ 8 ቶን ያለው ይበቃል፤ ወርዱ 2 ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ስለሆነ በመግቢያው ያልፋል። የ20 ቶኑ ወደ 3 ሜትር ስለሚጠጋ አይሆንም። ከ2 ቶን በታች ያለው ደግሞ በማንኛውም በር ይገባል፤ ክንድ ያህል የወፈረ ጉቶ ላይ ግን ሲታገል ይውላል፤ በሰዓት ሒሳብ የተከራየ ሰው ያን ትግል ነው የሚከፍለው።

የኤክስካቫተር ጥቅሙ አንድ ቦታ ቆሞ ብዙ መሥራቱ ነው። ሰንሰለቱ ሳይንቀሳቀስ ክንዱ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይደርሳል። ጉቶ ሲነቀል እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ባልዲው በጉቶው ዙሪያ በሦስት አቅጣጫ ሥሩን ይቆርጣል። ከዚያ ጥርሱን ከሥሩ በታች ያስገባና ወደ ራሱ ይስባል። ሲላቀቅ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወዲያው አይጣልም። በአየር ላይ እንዳለ ባልዲውን ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ማንቀጥቀጥ ነው፤ አፈሩ እየተንጠባጠበ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ሥሩ ብቻውን ይቀራል። ይህን የሚያደርግ ኦፕሬተር ካገኘሽ ለም አፈርሽ አይሄድም። የማያደርገው ደግሞ ዶዘር ከሚያደርሰው የተለየ ነገር አያደርግልሽም። ስለዚህ ከማሽኑ ዓይነት እኩል ስለ ሰውዬው ጠይቂ።

ሌላው ነገር፦ ቀድመሽ በሞተር መጋዝ ዛፎቹን የምታስቆርጪ ከሆነ የሚነቀሉትን ከመሬት እኩል አታስቆርጪ። አንድ ሜትር፣ ቢቻል አንድ ሜትር ተኩል ግንድ ይተው። ያ ግንድ ማንሻ ነው፤ ክንዱ ከላይ ሲገፋው ሥሩ ከታች ይሰበራል። ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ ግን የሚያዝ ነገር ስለሌለው ዙሪያውን በሙሉ መቆፈር ግድ ይላል። ስንት ሰው «እንዲቀልላችሁ ብዬ አስቆርጬ ጠበቅኋችሁ» ብሎ ሥራውን አክብዶ ይጠብቀናል።

ሐረግ በላ

ማሽን ከመግባቱ በፊት ፍየል ብታስገቢስ? ሐረጉንና ቅጠሉን ጨርሰው መሬቱን ያሳዩሻል። ነዳጅ አይፈልጉም።

አፈር ወዳድ

ፍየል ጉቶ አይነቅልም፤ መሬቱን ገልጦ ለማሳየት ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ጊዜ ካለ፣ ሊጠብቃቸው የሚችል ሰውም ካለ ይጠቅማል። ለእንስሳ መርዛማ የሆኑ ተክሎች አለመኖራቸውን አስቀድሞ ማየት ብቻ ነው። የወፍ ቆሎ ካለ ለምሳሌ ከብትም ፍየልም ይጎዳል።

አዲስ ማሳ

የወፍ ቆሎ አለ፤ በብዛት። ፍየሉን እንግዲህ ተውኩት። የፊቱን ሜዳስ በትራክተር ማጨጃ ባስጠርገው? እዚያ ያለው ሣርና ሐረግ ብቻ ይመስለኛል።

ማጨጃ ነጂ

«ይመስለኛል» የሚለው ቃል ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ትራክተር ከኋላው የሚጎትተው ባለምላጭ ማጨጃ ለሣርና ለቀጭን ቁጥቋጦ ከሁሉም ፈጣን ነው። መካከለኛው ዓይነት እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያለውን ግንድ ይቆርጣል። ምላጮቹ በብሎን ላይ የሚወዛወዙ ስለሆኑ ድንጋይ ሲመታቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው። አሮጌ የአጥር ሽቦ ሲገባበት በመሽከርከሪያው ላይ ይጠመጠማል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ደግሞ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሰው ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያደርስ መናገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት መሬቱ በእግር መታየት አለበት። ከሰው ቁመት በላይ ሣር ውስጥ እንዴት ይታያል ካልሽ፣ መጀመሪያ በትከሻ በሚንጠለጠል ሞተር ማጨጃ ቀጫጭን መተላለፊያዎችን ክፈቺ፤ በየጥቂት ሜትሩ፣ ከዳር እስከ ዳር። በእነዚያ መተላለፊያዎች እየተመላለስሽ ግራና ቀኙን በረጅም እንጨት እየወጋሽ እዪ። የአጥሩ መስመር በየት በኩል እንዳለፈ የሚያስታውስ ጎረቤት ካለ ጠይቂ። ያገኘሽው ድንጋይ፣ ጉድጓድ፣ ብረት ሁሉ ላይ ረጅም እንጨት ተክለሽ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሪበት፤ ከትራክተሩ ወንበር ላይ ሆኖ እንዲታይ። በተለይ የድሮ የውኃ ጉድጓድ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ፣ ክዳኑ በስብሶ ሣር ከሸፈነው ማሽንም ሰውም ይውጣል።

በትከሻ በሚንጠለጠለው ማጨጃ ለሚሠራው ሰው የፊት መከላከያ፣ ጠንካራ ጫማና የጆሮ መሸፈኛ ግድ ነው፤ ሌላ ሰውም 15 ሜትር ድረስ አይጠጋው። ትራክተሩ ሲሠራ ደግሞ ከዚያ በጣም ራቁ። ከማጨጃው ፊትና ኋላ የተንጠለጠሉ የሰንሰለት መጋረጃዎች መኖራቸውን ሳታዪ ሥራ አታስጀምሪ። ተነቅለው የጠፉባቸው ማጨጃዎች ብዙ ናቸው፤ እነዚያን አትቀበዪ።

ችግኝ ጣቢያ

እኔ የምጨምረው ከማሽኑ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ቁጥቋጦ ተቆረጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አንዱን ቆርጠው ብዙ ቅርንጫፍ ይቀበላሉ። የወፍ ቆሎም ከሥሩ መልሶ ይወጣል። ስለዚህ መሐሉን በማጨጃ ብቻ አስጠርጎ መተው ችግሩን አጠር አድርጎ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይመጣል፤ ግንዱም ከፊቱ ይልቅ ይበዛል።

ሁለት ተክሎችን በተለይ ይጠንቀቁ። ቁልቋል ካለ በማጨጃም ሆነ በሚከትፍ ማሽን አያስነኩት። እያንዳንዱ የተቆረጠ ቅጠል የወደቀበት ቦታ ሥር ይሰዳል፤ አንዱን ተክል በመላው መሬት ላይ መትከል ማለት ነው። በእጅ ተለቅሞ፣ ተሰብስቦ ይወገድ። ሰርዶ ደግሞ ከመሬት በታች በሚሄድ ግንዱ ነው የሚራባው። የሚሽከረከር ማረሻ ሲገባበት ያን ግንድ ይቆራርጠዋል፤ ቁራጩ ሁሉ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። ሰርዶ ባለበት ቦታ ላይ መሬቱን በጥልቀት አላልቶ፣ ግንዱን ነቅሎ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማድረቅ ይሻላል።

የማይነቀሉትን ጉቶዎች በየጊዜው እየዞሩ አዲሱን ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ መቁረጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። ጉቶው በሥሩ ያጠራቀመውን ኃይል በየቡቃያው እያወጣ ይጨርሳል፤ ፋታ ከሰጡት ግን በቅጠሉ መልሶ ያጠራቅማል። ማሽን ከተከራዩ በኋላ ላለው አንድ ዓመት የሰው ጉልበት ካላሰቡለት የማሽኑ ገንዘብ ባክኗል።

ከታፊ

እዚህ እስካሁን ያልተነሣ ማሽን አለ። ቁጥቋጦን ከነግንዱ እዚያው ፈጭቶ መሬት ላይ የሚበትን፣ በትንሽ ሎደር ወይም በኤክስካቫተር ክንድ ላይ የሚገጠም ከበሮ አለ፤ ብዙዎች ማልቸር ይሉታል። እኔ በእርሱ ነው የምሠራው። አፈር አይገፋም፣ ክምር አይፈጥርም፣ የሚቃጠል ነገር አይተርፍም። የተፈጨው እንጨት መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ዝናብን ይከላከላል። ክንድ የሚያክለውን ግንድ ቀርቶ ከዚያ የወፈረውንም ይበላል።

ሥሩን ግን አያወጣም። አፈር ወዳድ እንዳለው ሥሩ እንዲቆይ ለሚፈለግበት ቦታ ነው የተሠራው። ለተዳፋቱ የላይኛው ጫፍ ይሆናል፤ በጣም ገደል ካልሆነ። ለአትክልቱ ቦታ ብቻውን አይበቃም።

ጠንቁን ግን መናገር አለብኝ። ይህ ማሽን ቁራጭ እንጨትና ድንጋይ ሩቅ ይወረውራል። የብዙዎቹ መመሪያ 90 ሜትር ድረስ ሰው እንዳይኖር ያዝዛል። አጠገባችሁ ቤት ወይም መንገድ ካለ ይህን ከወዲሁ አስቡበት። ሎደሩም ጥርሶቹን የሚያዞር በቂ የሃይድሮሊክ ፍሰት (በግፊት የሚሄድ ዘይት) ሊኖረው ይገባል፤ ተራ ሎደር ላይ ከገጠሙት በትንሽ ግንድ ይቆማል። ኦፕሬተሩም በወፍራም የማይሰበር መስኮት ከተሸፈነ ክፍል ውስጥ ካልተቀመጠ ሥራው አይጀመር።

የተፈጨውን እንጨት በተመለከተ፣ አፈሩ ላይ ይተኛ እንጂ አይታረስበት። ትኩስ እንጨት ከአፈር ጋር ሲደባለቅ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዱታል፤ አትክልቱ ይቢጫል። ከላይ ተነጥፎ ሲቀር ግን ያን ያህል አይጎዳም።

ውል አዋቂ

የማሽኑ ክርክር ደግ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያጣው ውሉ ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከማስገባትዎ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ሒሳቡ በሰዓት ነው፣ በቀን ነው ወይስ በጠቅላላ ሥራው? ለምንጣሮ የሥራው መጠን አስቀድሞ ስለማይታወቅ አከራዩ በጠቅላላ ሲስማማ ከፍ አድርጎ ይገምታል፤ ከተስማማ በኋላም ለመፍጠን ይሮጣል። ጉቶ ማንቀጥቀጥ ጊዜ ይወስዳል፤ በጠቅላላ የተከፈለው ሰው አያንቀጠቅጥም። በዚህ ሥራ እኔ በሰዓት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ቆመው ካላሠሩ በሰዓት መከራየት ለአከራዩ ስጦታ ነው።

በሰዓት ከሆነ ሰዓቱ ከየት ይጀምራል? ከማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ላይ ሲደርስና ሲሄድ ያለውን ቁጥር ፎቶ ያንሡ። አንድ የማውቀው ሰው ላይ አከራዩ ማሽኑን በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ተጎታች) ያመጣበትንና የመለሰበትን ጊዜ ከሥራ ሰዓት ጋር ደምሮ አስከፍሎታል፤ በውሉ ላይ አልተጻፈም ነበርና ምንም ማድረግ አልቻለም። የማጓጓዣው ክፍያ ለብቻው ይጻፍ። ሎቤድ ረጅም ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ እናንተ መታጠፍ ካልቻለ ማሽኑ በሰንሰለቱ እየሄደ ሊመጣ ነው፤ ያ ደግሞ አስፋልት ያበላሻል።

ነዳጁ የማን ነው? ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ጋር ይመጣል ወይ? ቢሰበር ቆሞ የሚውልበት ሰዓት ይታሰባል ወይ? ዝናብ ቢጥልስ? ዝቅተኛው የኪራይ ሰዓት ስንት ነው? የጎረቤት አጥር ወይም ቧንቧ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል፣ ዋስትናስ አለ ወይ? መቼም አትቸኩሉ፤ የሚቸኩል አከራይ ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ይቀየራል።

ችግኝ ጣቢያ

ውል አዋቂ ላይ አንድ ልጨምር፤ ማሽኑ ታጥቦ ይምጣ። በሰንሰለቱና በባልዲው ላይ የተጣበቀ ጭቃ የሌላ ማሳ አረም ዘር ይዞ ይመጣል። ይህን ውሉ ላይ ማስገባት ምንም አያስወጣም።

አዲስ ማሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ካሰብኩት በላይ ነው ያገኘሁት። እስካሁን የገባኝን ላስቀምጥ። የፊቱን መጀመሪያ በእጅ ማጨጃ መተላለፊያ አስከፍቼ፣ ሽቦውን ፈልጌ አውጥቼ፣ ከዚያ በትራክተር አሳጭዳለሁ። መሐሉን በኤክስካቫተር። ተዳፋቱን እንዳለ መተው ወይስ ትራክተሩ ያን ጊዜ አብሮ ይጨደው?

ማጨጃ ነጂ

ተዳፋቱ ምን ያህል ይወርዳል? በቀላሉ ለኪው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት አንዱን ጫፍ መሬት አስነክተሽ አግድም በውኃ ልክ ያዢ፤ በቁልቁል በኩል ያለው ጫፉ ከመሬት 1 ሜትር ከራቀ ተዳፋቱ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ትራክተር አታስገቢ። ትራክተር በብዛት ወደ ጎን ነው የሚገለበጠው፤ በተለይ ቁልቁል በኩል ያለው ጎማ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ላይኛው ደግሞ ድንጋይ ሲወጣ። በሚፈቀድ ተዳፋት ላይም ቢሆን ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ አግድም አይነዳም። የመገልበጫ መከላከያ ቅስትና የወንበር ቀበቶ የሌለው ትራክተር ደግሞ ለየትኛውም ምንጣሮ አትከራዪ፤ ቅስቱ ያለ ቀበቶ አያድንም።

አፈር ወዳድ

ለእኔ ተዳፋቱን አይንኩ። ከጅረቱ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር፣ ቢቻል ከዚያ በላይ፣ ያለው ተክል እንዳለ ይቆይ። የሚታጠበውን አፈር የሚያጠራው እርሱ ነው። የወፍ ቆሎ የመሰለ ወራሪ ብቻ በእጅ መጋዝ እየለዩ ማስወገድ፣ በምትኩ አገር በቀል ነገር መትከል ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እርማት ያስፈልገዋል። የፊቱን ሜዳ በትራክተር ማሳጨድ ለማየት ነው እንጂ ለቤቱ መጨረሻ አይደለም። የቤቱ ቦታ ላይ ለሙ አፈር መነሣት አለበት ብዬ ነበር። ኤክስካቫተሩ ለመሐሉ ሲመጣ ያንኑ ቀን የቤቱን ቦታ ለም አፈር ይጥረግና ለብቻው ይከምረው፤ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ለሁለት ማጓጓዣ አይከፍሉም። ያን አፈር ወደ አትክልቱ ቦታ ቢያመጡት ከገበያ የሚገዛ ማዳበሪያ አይተካከለውም።

የቤት መሐንዲስ

አፈር ወዳድ ላይ የምጨምረው ስለ ጉድጓዶቹ ነው። በቤቱ ቦታ ጉቶ ከወጣ ጉድጓዱ በተገኘው አፈር ተሞልቶ ብቻ አይቀር። ንጹሕ አፈር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለ ንብር እየተደረገ፣ እያንዳንዱ ንብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ካልሆነ ግድግዳው በዚያ በኩል ይሰነጠቃል።

ከዚህ ሌላ፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት ወደ ላይም ወደ ታችም ይታይ። የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ክንዱ ሲዘረጋ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከሆነ ደግሞ ከዚያ በብዙ። ርቀቱን ከመብራት አቅራቢው መጠየቅ ነው። ከመሬት በታች ስላለው ቧንቧና ገመድም አስቀድሞ የሚመለከታቸውን አቅራቢዎች ይጠይቁ፤ አጠራጣሪው ቦታ በእጅ ተቆፍሮ ይገለጥ። ክንዱ ገመድ ቢነካ ኦፕሬተሩ ከውስጥ አይውረድ፤ ከውጭ ያለውም ሰው አይጠጋ። መብራቱ እስኪቋረጥ እዚያው መቆየት ነው። እሳት ተነሥቶ መውረድ ግድ ካለው ብቻ፣ ማሽኑንና መሬትን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ ከዚያም እግሩን ሳያነሣ በትንንሹ እየተንሸራተተ ይራቅ። ይህን ሁሉም ኦፕሬተር ያውቃል ብላችሁ አትመኑ፤ ጠይቁት።

አዲስ ማሳ

ከመሐሉ የሚወጣውን ጉቶና እንጨት የት ላድርገው? አንዱ አከራይ ጉድጓድ ቆፍሮ እንደሚቀብርልኝ ነግሮኛል፤ በተጨማሪ ክፍያ።

የቤት መሐንዲስ

የተቀበረ እንጨት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ መሬቱ ይሰምጣል። ከቤቱና ከመግቢያ መንገዱ በታች በፍጹም እንዳይቀበር። ሌላ ቦታ ከተቀበረም ቦታው በሥዕሉ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ነገ እርስዎ ባይሆኑ ልጅዎ ሊሠራበት ይችላል።

ክንደ ረጅም

እኔ ብሆን አልቀብርም፤ ለመቅበር የምትከፍዪው ሰዓት ጉቶ ቢነቀልበት ይሻላል። ማገዶና አጣና የሚሆነውን ለይተሽ አስወጪ። የቀረውን በተዳፋቱ አናት ላይ፣ አግድም፣ እንደ አጥር ረድፍ አድርጌ እደረድርልሽ ነበር። ከላይ የሚወርደውን ውኃና አፈር ያቆመዋል፤ በጊዜው እዚያው ይበሰብሳል። ብቻ ጉቶው ወደ ታች እንዳይንከባለል ከበታቹ ቋሚ ዛፍ ይኑረው። ማቃጠል ከሆነ ሐሳብሽ ደግሞ ለዚያ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በደረቅና በነፋስ ቀንም አይለኮስ።

ብረት ፈረስ

እስቲ ስለ ወቅቱም ንገሯት። ሁላችሁም ማሽን ማሽን ትላላችሁ፤ እርጥብ መሬት ላይ የገባ ማሽን፣ ሰንሰለት ይኑረው ጎማ፣ መሬቱን ይጠቀጥቀዋል። ከአንድ ስንዝር በታች ያለውን አፈር ቆፍረሽ አውጪና በመዳፍሽ መሐል አሽከርክሪው። እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳይሰበር ከተጠቀለለ ገና ነው፤ ማሽኑን መልሺው። ከተፈረፈረ ግቢበት። አብዛኛው መጠቅጠቅ የሚደርሰው ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ ስለሆነ ኦፕሬተሩ በአንድ መተላለፊያ ይመላለስ፤ የአትክልቱን ቦታ ሁሉ አይርገጥ።

አዲስ ማሳ

ይህን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም፤ አመሰግናለሁ ጋሼ። አሁን አፈሩ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ሽቦውን እፈልጋለሁ። ክንደ ረጅም፣ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኤክስካቫተሩን ስከራይ ከባልዲው ሌላ የምጠይቀው ነገር አለ?

ክንደ ረጅም

አለ። ባልዲው ጥርስ ያለው ይሁን፤ ለጉቶ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ሰፊው ኃይሉን ይበትነዋል። የቤቱን ቦታ አፈር ለመጥረግ ግን ጥርስ የሌለው ሰፊ ባልዲ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም ይዘው ይምጡ። ከባልዲው ፊት ለፊት እንደ አውራ ጣት የሚይዝ መቆንጠጫ ካለ ጠይቂ፤ እሾሃሙን ቁጥቋጦ ይዞ ለማንሣትና ለመደርደር ያለ እርሱ በጣም ያስቸግራል። ሁሉም ከዚያው ማሽን ጋር የሚገጥም መሆኑን ከመነሣቱ በፊት ያረጋግጡልሽ፤ ብሎኑ አልገባ ብሎ ሎቤድ ላይ ተጭኖ የተመለሰ ባልዲ ብዙ አይቻለሁ። ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ ራዲያተሩ በገለባ ይዘጋል፤ ኦፕሬተሩ በየጊዜው አቁሞ ይጥረገው፤ የእሳት ማጥፊያም ማሽኑ ላይ ይኑር።